የአሥር ሰዓቷ ሽምብራ

አዲስ አበባ ውስጥ ሐኪም የሌለበት ሰፈር ሞልቷል፤ ሐኪም ነኝ ባይ የሌለበት ሰፈር ግን እስካሁን አልተገኘም። ይህ ሰው ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሳይጠይቁት ያዛል፣ ካዘዘ ደግሞ ተከታትሎ ያስፈጽማል። ለቅሶ ቤት ንፍሮ ስትዘግኑ ጨዉን በዓይኑ ይመዝናል። ሠርግ ቤት ኬክ ስታነሡ ከኋላችሁ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። እናንተም ኬኩን ቀስ ብላችሁ ትመልሱታላችሁ፤ ከዚያ ቤታችሁ ገብታችሁ ትናደዳላችሁ።

አራዳ ውስጥ፣ ከፒያሳ ወረድ ብላ ባለች አንዲት ግቢ፣ ይህን ሥልጣን የያዙት ክብርት ወይዘሮ ለተኪዳን ናቸው። ወይዘሮ ለተኪዳን በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው ጡረታ ወጥተዋል። ሥራቸው ካርድ ማውጣትና ካርድ መመለስ ነበር። ነገር ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ካርዱን እንዲሁ አላመላለሱትም፤ አንብበውታል። በዚህም የተነሣ የማን ግፊት የት እንደ ደረሰ፣ የማን ኩላሊት ምን እንዳለች በቃላቸው ይዘዋል። ይህን ዕውቀት አንድም ቀን ለሐሜት አውለውት አያውቁም፤ ለሐሜት ቢያውሉት ይሻለን ነበር የሚሉ ጎረቤቶች አሉ።

ዕድር ድንኳን ውስጥ ለስላሳ መጠጥ ያስቀሩት እሳቸው ናቸው። ባለሱቁ አብዱልሃኪም ከሩቅ ሲያያቸው የስኳሩን ጆንያ በሳሙና ካርቶን ይጋርዳል። የሚከራከራቸው ሰው ሲገኝ ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሓወይ» ይላሉ በትግርኛ፣ ወንድሜ ማለታቸው ነው፣ «እኔና አንተ ምን አጨቃጨቀን? ካርዱ ይመሰክራል።» ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ካርዱ ውስጥ ያለውን ያነበቡት እሳቸው ብቻ ናቸዋ።

የወይዘሮዋ ዋና ታካሚ፣ ያለ ፈቃዱ፣ ወርቅ ሠሪው እምሩ ነበር። በሩ ከበራቸው ትይዩ ነው። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ሲሆን አርባውን ዓመት ፒያሳ አንዲት ጠባብ ወርቅ ቤት ጥግ ተቀምጦ ቀለበት ሲበይድና ድንጋይ ሲያስገባ ኖሯል። ስኳር በሽታው ከያዘው አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አሁን ደግሞ ሁለቱንም ዓይኖቹን ሞራ ጋርዷቸዋል። በሰኔ ወር ለአንዲት ሙሽራ ቀለበት ድንጋይ ሲያስገባ ድንጋዩ ተንጋደደበት። ነቅሎ እንደገና አስገባው፤ እንደገና ተንጋደደ። ሙሽራዋ ቀለበቱን ይዛ ሌላ ቤት ሄደች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እምሩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ያለቀለትን ዕቃ ከመወልወል ያለፈ ሥራ አልሠራም፤ ለማንም አልተናገረም፤ ሌሊት ሌሊት ግን ጣቶቹ ብርድ ልብሱ ውስጥ ይንቀሳቀሱ ነበር።

የዓይን ሐኪሙ ሞራው እንደሚወገድ ነግሮታል። ችግሩ ስኳሩ ነው። በባዶ ሆድ ተለክቶ ከሁለት መቶ በታች ካልወረደ ዓይኑን በመሣሪያ እንደማይነካ ሁለት ጊዜ ነግሮ ሁለት ጊዜ መልሶታል። በሦስተኛው ለነሐሴ ሃያ ቀጠረውና፣ ያን ቀንም ካልወረደ ተራውን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ፣ ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚደርሰው ማንም እንደማያውቅ አስረግጦ ነገረው። እምሩ ይህንንም ለማንም ሊናገር አላሰበም ነበር። ነገር ግን የቀጠሮ ካርዱ በወይዘሮ ለተኪዳን የእጅ ቦርሳ ውስጥ ነበር፤ አብረውት ሄደው ከነርሷ እጅ የተቀበሉት እሳቸው ናቸው።

በዚያው ማታ ምርመራቸውን አጠናቀቁ። «ሰው ጠዋት አያጠፋም፣ ማታም አያጠፋም» አሉት። «ፒያሳ የዋለ ሰው የሚያጠፋው አሥር ሰዓት ላይ ነው። ማኪያቶ ሲል፣ ከማኪያቶው ጋር ደግሞ ‘የሆነች ነገር’ ሲል። አሥር ሰዓትን ለእኔ ተዋት።»

እምሩ ተዋት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባው በማግስቱ ነው። ፍልሰታ ጾም የገባ ዕለት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ወይዘሮ ለተኪዳን ቢጫ ጎድጓዳ ሳህን ይዘው ወርቅ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። ሳህኗ ውስጥ ቡናማ፣ ለስላሳ፣ ምን እንደሆነ የማይናገር ነገር አለ፤ ዳርና ዳሯ ላይ ደግሞ በቀጭኑ የተቆረጠ ካሮት ተሰክቷል። ስልካቸው ላይ አንዲት ፈረንጅ ስትሠራው አይተው ነው። ሽምብራ እስኪለሰልስ ይቀቀላል፤ ከለውዝ ቅቤ፣ ከካካዎ፣ ከቀረፋና ከሦስት ፍሬ ተምር ጋር ይፈጫል፤ ምድጃ ውስጥ አይገባም፤ በካሮት እየተጠቀሰ ይበላል። ወተት የለበትም፣ እንቁላል የለበትም፣ ጾም ነው። ስኳርም የለበትም፤ እምሩ እንዳለው ታዲያ ጣፋጭነቱም የለበትም።

የመጀመሪያው ዕለት ሥራ በተለይ የሚረሳ አልነበረም። ወይዘሮዋ ሽምብራ አልቆባቸው፣ ሹሮም ያው ሽምብራ ነው ብለው የሹሮ ዱቄት ተጠቅመዋል። ሹሮው ሲዘጋጅ ነጭ ሽንኩርትና በሶብላ ገብቶበት እንደ ተፈጨ ትዝ ያላቸው እምሩ የመጀመሪያውን ካሮት ከጎረሰ በኋላ ነው። መጀመሪያ ተምሩ መጣ፣ ከተምሩ ኋላ ነጭ ሽንኩርቱ ደረሰ፣ በመጨረሻ ካካዎው መጥቶ ሁለቱን ሊያስታርቅ ሞከረ። በሁለተኛው ቀን በባቄላ ሠሩት። ባቄላው ምን እንዳደረገ እምሩ የተረዳው ቅዳሴ ላይ፣ ከወንዶች መሐል ቆሞ ሳለ ነው፤ ቅዳሴው ደግሞ ረጅም ነበር። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ወደ ሽምብራው ተመለሱ፣ እያንዳንዷንም ፍሬ በጣታቸው መላጥ ጀመሩ።

አንድ ሕግ ግን ከመጀመሪያው ቀን አወጡ። ጎረቤት ምግብ የላከበትን ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ አንዲት ሎሚ እንኳ ቢሆን ጣል ይደረግበታል። ወይዘሮ ለተኪዳን ይህን ልማድ በእምሩ ላይ ሻሩት። «ሎሚህን አልፈልግም» አሉ። «እኔ የምፈልገው ባዶነቱን ነው። ባዶ ሳህን ማለት በልተሃል ማለት ነው።»

ሳህኗ በየቀኑ ባዶዋን፣ ያውም ታጥባ ትመለስ ነበር። ወይዘሮ ለተኪዳን በር ላይ ተቀብለው ገልበጥ አድርገው ያዩዋታል፣ ፊታቸው ይፈካል። ለዕድሩም፣ ለአብዱልሃኪምም፣ መንገድ ላይ ላገኙት ሁሉ እምሩ ሽምብራውን ሙልጭ አድርጎ እንደሚበላ ነገሩ።

እምሩ ግን ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ አልበላም። ወይዘሮዋ ጥግ ሲታጠፉ ሽምብራውን ከወርቅ ቤቱ ኋላ ቱቦ ውስጥ ይገለብጠዋል፤ የነሐሴ ዝናብ የቀረውን ይሠራል። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ሰመረ ኬክ ቤት ይገባል። ሰመረ ባንኮኒው ጀርባ ሃያ ዓመት የቆመ፣ የደንበኛውን ልማድ እንጂ ምስጢሩን የማይጠይቅ ሰው ነው። «ጋሼ እምሩ፣ እንደ ሁልጊዜው?» ይላል። እንደ ሁልጊዜው ማለት ማኪያቶና ሚሊፎኒ ነው፤ በጾም ደግሞ ሻይና ማርማላታ የተቀባ፣ ላዩ ላይ ዱቄት ስኳር የተነሰነሰበት የጾም ኬክ። እምሩ በመስኮቱ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ተቀምጦ ይበላል። ሳህኗንም እዚያው ቧንቧ ሥር ያጥባታል።

ክፉ ሰው ሆኖ አልነበረም። ነገ እተዋለሁ ይል ነበር፤ እስከ ነሐሴ ሃያ ብዙ ነገ አለ። ደግሞ ያቺ ጠረጴዛ ሁለት ወንበር ነበራት። ከፊት ለፊቱ ያለው ባዶ ወንበር የሐጎስ ነበር፣ የወይዘሮ ለተኪዳን ባል፣ ልብስ ሰፊው ሐጎስ፣ የእምሩ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ። ሐጎስን ስኳር በሽታ ከያዘው በኋላም ሁለቱ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እዚያ ይቀመጡ ነበር። በልተው ሲነሡ ሐጎስ ደረቱን ነፍቶ፣ «አለብኝ?» ይላል። እምሩም የጥቁር ኮቱን አንገትጌ ከዱቄት ስኳር ያራግፍለታል። «አሁን የለብህም፣ ሂድ።» ሐጎስ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። እምሩ ይህን ነገር ለማንም ተናግሮት አያውቅም፤ ለራሱም ብዙ አይናገረውም ነበር።

ነሐሴ ስምንት ጠዋት፣ እምሩ ቁርስ ሳይበላ፣ ወይዘሮ ለተኪዳን በሩን አንኳኩ። ሐጎስ ይለካበት የነበረውን የስኳር መለኪያ ይዘዋል። መሣሪያው ዘጠኝ ዓመት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ደም የሚነካበት ወረቀቱ ጠፍቶ ነበር፤ አሁን ከድሮ የሥራ ባልደረባቸው ወረቀት አግኝተዋል። የሽምብራቸውን ውጤት ሊያዩ ጓጉተው ነበር፣ ነጠላቸውን እንኳ በቅጡ አልለበሱም። እምሩ ጣቱን ሰጠ። ሌላ ምን ይስጥ?

መሣሪያው ሁለት መቶ ሰባ አንድ አለ።

ወይዘሮ ለተኪዳን ወረቀቱን ለውጠው ሌላ ጣት ወጉ። ሁለት መቶ ስልሳ ስምንት። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እምሩ ትቆጣለች ብሎ ጠበቀ፤ ቁጣዋን ለምዶታል፣ የቁጣዋን መልስም ያውቃል። ወይዘሮዋ ግን አልተቆጡም። ወንበር ስበው ተቀመጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው አዩት፣ መዳፉንም ጀርባውንም።

«ሐጎስም እንዲሁ ነበር» አሉ። «የሰጠሁትን ሁሉ ይበላል። ሳህኑን አጥቦ ይመልስልኛል። ካርዱ ላይ ግን ቁጥሩ ይወጣል እንጂ አይወርድም። እጄ ነው እምሩ። እኔ የነካሁት ነገር ነው የሚገድላችሁ።»

እምሩ የተወጋውን ጣቱን በሌላው እጁ ጨበጠ።

«ሰፈሩን ሁሉ የማስቸግረው ለምን ይመስልሃል? ባሏን አብልታ የገደለች ሴት ሌላ ሰው እንዳትገድል ብዬ ነው። ይኸው አንተን።» ተነሡ። ከዛሬ ጀምሮ ሽምብራውም ተምሩም እንደሚጣል፣ እሱም ሌላ የሚያበስልለት ሰው እንዲፈልግ በደከመ ድምፅ ነገሩት። ከጠረጴዛው ላይ ቢጫዋን ሳህን ለማንሣት ጎንበስ አሉ።

እምሩ እዚያች ቦታ ላይ ዝም ማለት ይችል ነበር። ዝም ቢል የሐጎስ ስም ይጠበቃል፣ የራሱም ኃጢአት ይሸፈናል፣ ሽምብራውም ከነካሮቱ ይቀርለታል። ከተናገረ ግን ዓይኑ ከጠፋ በኋላ በሩን የምታንኳኳለትን አንዲቱን ሰው ያጣል። ይህን ሁሉ አሰበ። ፊቷ ጭጋግ ውስጥ ነበር የሚታየው፤ እጆቿን ግን አጥርቶ አያቸው፣ ሽምብራ ሲልጡ ጥፍራቸው ሥር የነጣ።

«እጅሽ ምንም የለበትም» አለ። «ከሦስተኛው ቀን ወዲህ ሽምብራውን ቀምሼው አላውቅም። ቱቦ ውስጥ ነው የምደፋው። ከዚያ ሰመረ ጋ ሄጄ ኬክ እበላለሁ። ሐጎስም እንደዚሁ ነበር። አብረን ነበርን። ኮቱን የማራግፍለት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮዋ ሳህኗን እንደ ያዙ ቀና አሉ።

«ስንት ጊዜ?» አሉ ወይዘሮ ለተኪዳን።

«በየቀኑ።»

ሳህኗን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ መልሰው አስቀመጡ። የሐጎስን መለኪያም እዚያው ተዉት። በክረምት ራሱን ሳይሸፍን የሚወጣን ሰው ከበር የሚመልሱት ሴትዮ፣ ነጠላቸው ትከሻቸው ላይ ወድቆ፣ ዝናብ ውስጥ ወጡ።

በማግስቱ አሥር ሰዓት መጣ፣ ሳህን አልመጣም። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ሰፈሩ መጀመሪያ ደስ አለው። አብዱልሃኪም የስኳሩን ጆንያ በር ላይ አወጣ። ሁለት ቀን ማንም አልተገሠጸም፣ የማንም ቁራሽ አልተለካም። በሦስተኛው ቀን ግን ሰው ሁሉ መጨነቅ ጀመረ፤ ወይዘሮ ለተኪዳን ታመሙ እንዴ፣ ምን ሆኑ፣ ማን ምን አላቸው እያለ እምሩን ይጠይቅ ጀመር። አብዱልሃኪም ጆንያውን ወደ ውስጥ መለሰው። እምሩ ለማንም አልመለሰም። ሰመረ ጋም አልሄደም፤ አሥር ሰዓት ሲሆን የሚሄድበት አጥቶ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። መድኃኒቱን ሳያዛንፍ ዋጠ። ነሐሴ ሃያ እየቀረበ ነበር። ካርዱ ደግሞ እሳቸው ጋ ነው።

በአራተኛው ቀን ሽምብራ ገዛ። ሌሊቱን ዘፈዘፈ፣ ጠዋት ቀቀለ፣ ሥራውን ትቶ ቤቱ ቁጭ ብሎ እያንዳንዷን ፍሬ በጣቱ ላጠ። ዓይን አላስፈለገውም፤ አርባ ዓመት ሙሉ ከሽምብራ የሚያንስ ነገር ሲይዝ የኖረ ጣት ነው። መጠኑን ወይዘሮዋ በየቀኑ ስለሚነግሩት በቃሉ ያውቀዋል። ብሌንደር ስለሌለው ሙቀጫ አውጥቶ ወቀጠው። ግቢው ትንሽ ነው፣ የሙቀጫው ድምፅ ማን ጋ እንደሚደርስ ያውቃል። ከወቀጠው ላይ ድርሻውን ቆንጥሮ በካሮት በላ። ጨው ሳይበዛበት አልቀረም። ቢሆንም ሊዋጥ የሚችል ነገር ነበር፣ ከዚያም አልፎ፣ መጨረሻ ላይ፣ ለውዙና ቀረፋው ሲገናኙ፣ የሆነ ነገር አለው። አምስት ቀን ሙሉ ቱቦ ውስጥ ምን ሲደፋ እንደነበር ያን ጊዜ ገባው።

የቀረውን በቢጫዋ ሳህን አድርጎ ባዶ ዕቃ አይመለስም በሚለው በድሮው ልማድ መሠረት በራቸው ላይ አስቀምጦ ሳያንኳኳ ተመለሰ። በማግስቱ ጠዋት ሳህኗ የእሱ ደጃፍ ላይ ነበረች። ባዶ፣ የታጠበች። በልተውታል? ደፍተውታል? ሳህኗ አትናገርም። እምሩ መልሶ ሞላት። እንደገና ባዶዋን መጣች። ቃል ሳይለዋወጡ ይህ ሰባት ቀን ቀጠለ። ጾሙ ተፈታ፣ ሰው ዶሮ አረደ፣ እምሩ ሽምብራውን መውቀጡን አላቋረጠም።

ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ ጠዋት ሳህኗ ስትመለስ ባዶ አልነበረችም። ውስጧ የእምሩ የሆስፒታል ካርድ አለ። ሌላ ምንም የለም። እምሩ ካርዱን ይዞ ደጃፉ ላይ ብዙ ቆመ። ካርድ ከእጃቸው የማይወጣ ሴትዮ ካርድ መለሱ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ዓይን አያስፈልግም። ብቻህን ሂድ ማለት ነው። ከፋው፣ በጣም ከፋው፤ ቅር ሊለው መብት እንደሌለው ማወቁ አልረዳውም።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ግድግዳውን እየተደገፈ ወጣ። የግቢው በር ላይ አንድ ሰው ጥላ ዘርግቶ ቆሟል። ጥላው እስኪናገር ድረስ ማን እንደሆነ አልለየም።

«ቁርስ በልተሃል?» አሉ ወይዘሮ ለተኪዳን።

«በባዶ ሆድ ነው የተባልኩት።»

«እሱንስ አውቃለሁ። አንተን ግን አሁን ነው ያወቅኩህ።»

በአንድ ጥላ ሥር ሆስፒታሉ ደረሱ። ነርሷ ጣቱን ወጋችው፣ ጠበቀች፣ መቶ ሰማንያ ስድስት አለች። ወይዘሮ ለተኪዳን እንድትደግመው አዘዙ። ነርሷ ከኋላ የተሰለፉ ሰዎች እንዳሉ ልትነግራቸው ፈልጋ ነበር፣ ፊታቸውን አይታ ደገመችው። መቶ ሰማንያ ሦስት። «ካርዱ ላይ ይጻፍ» አሉ። ተጽፎ ሲያልቅ ካርዱን ተቀበሉ፣ አነበቡት፣ አጥፈው የእጅ ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱትና ቦርሳውን በብብታቸው ያዙት። እምሩ ያን ጊዜ ነው መተንፈስ የጀመረው።

የአንድ ዓይኑ ሞራ ተወግዶ፣ መሸፈኛውም ተነሥቶ ሐኪሙ መውጣት ትችላለህ ባለው ዕለት፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ወይዘሮ ለተኪዳን ወርቅ ቤቱ በር ላይ መጡ። ቢጫዋን ሳህን ይዘዋል። «ተነሥ» አሉት፣ መንገዱንም አሻገሩት። ወደ የት እንደሚሄዱ ሲያውቅ የፍርድ ቀን መሰለው፤ ሰመረ ይጠራል፣ ምስክርነት ይሰጣል፣ ሁሉም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይቆጠራል።

ገቡ። በዚያ አንድ ዓይን ሁሉም ነገር እንደ አዲስ ጥርት ብሎ ታየው፤ ባንኮኒው፣ የመስኮቱ ጠርዝ፣ የጠረጴዛዋ ጭረት። ወይዘሮ ለተኪዳን ግራ ቀኝ አላዩም፣ የቱ ነው ብለውም አልጠየቁም። ቀጥ ብለው ሄደው የሐጎስ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ሰመረ መጣ። «እትዬ፣ እንደ ሁልጊዜው?» አለ፣ ወዲያውም ያለው ነገር ገብቶት እምሩን አየና ባንኮኒውን በጨርቁ መወልወል ጀመረ። እንደ ሁልጊዜው የተባለው ስኳር የሌለው ሻይና ሩብ ሚሊፎኒ ነበር።

እምሩ ሩቧን ሚሊፎኒ አየ፣ ወይዘሮዋን አየ።

«ሩብ ናት» አሉ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ። «ሩብ ምንም አታደርግም።»

ነገሩን የተናዘዘው ሰመረ ነው። እትዬ ለተኪዳን ከነሐሴ አሥራ ሁለት ጀምሮ በየቀኑ ሳህኗን ይዘው ይመጡ ነበር። ሽምብራውን ለሰመረ ይሰጡታል፤ እሳቸው ሁለት ጊዜ ቀምሰውት ከጨው በስተቀር ምንም አልቀመሱበትም። እምሩ የሰማውን ማመን አቃተው። ሰባት ቀን በጣቱ የላጠውን፣ ይቅርታዬ ነው ያለውን፣ ሰመረ በእንጀራ ሲበላው ነው የከረመው። ሳህኗንም ያጠቡት እዚያው ቧንቧ ሥር ነው።

«ሊበላ አይችልም ነበር፣ ሓወይ» አሉ ወይዘሮ ለተኪዳን። «ባዶዋን ካልመለስኩልህ ደግሞ መውቀጥ ትተዋለህ።»

እምሩ ሳቁ መጣበት፣ ግን በሐጎስ ወንበር ላይ የተቀመጡትን ሴት እያየ አልሳቀም። እዚህ ምን ሲያደርጉ እንደ ከረሙ ጠየቀ። ሰመረ እንደሆነ ባንኮኒውን ይወለውላል።

«ስለ እሱ እየጠየቅኩት ነበር» አሉ። «ምን ይል እንደነበር። ምን ምን እንዳዘዘ። ይስቅ እንደ ነበር።» ሹካዋን በሚሊፎኒዋ ላይ ጫን አደረጓት፣ ዱቄት ስኳሩ ነጠላቸው ላይ በነነ። «ቤት ውስጥ በመጨረሻ ጊዜ አይስቅም ነበር። እዚህ ግን ይስቅ ነበር ይለኛል ሰመረ። እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለ እምሩ። «እኔን ያስቀኝ ነበር።»

«እንግዲህ ከዋሸኝ አይቀር» አሉ ወይዘሮ ለተኪዳን፣ «ስቆ ከሆነ ይሁን።»

እምሩ እጁን በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የነጠላቸውን ጥለት ከዱቄት ስኳሩ አራገፈላቸው፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ በደንብ እስኪጠራ። አልከለከሉትም። ይህችን ሴት በዕድሜው ሙሉ ሲሸሻት መኖሩን፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ደግሞ አሥር ሰዓት ሲደርስ ጆሮው በር ላይ እንደነበረ ያን ጊዜ ለራሱ ተናገረ። ይወዳታል። ሰፈሩም ይወዳታል፤ ማንም ግን ደፍሮ አይነግራትም፣ ብንነግራት ካርድ ታወጣልናለች።

ወይዘሮ ለተኪዳን አፍንጫቸውን ጠረጉ፣ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ፣ ቢጫዋን ሳህን ወደ እሱ ገፉ። ሁለተኛው ዓይን ገና ይቀራል፣ ቀጠሮውም ኅዳር ነው። ይህኛው ሽምብራ የእሳቸው እጅ ነበር፤ ጨዉ ልክ ነው፣ ተምሩ ሦስት ነው። እምሩ በካሮቱ እየጠቀሰ በላ፣ ካሮቱ ሲያልቅ በማንኪያ በላ፣ ማንኪያው አልደርስ ሲለው በጣቱ ጠረገው። ሳህኗን መለሰላቸው።

ወይዘሮ ለተኪዳን ጠረጴዛው ላይ ገለበጧት፣ ቂጧንም መታ መታ አደረጉት። ምንም አልወደቀም።